«ሪስፔክት» የማን ዘፈን ነው? የኦቲስ ወይስ የአሬታ?

ጣና_ድምፅ (ባሕር ዳር)

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች። ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።

ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ እዘፍናለሁ። ያለን ኪቦርድና ቤዝ ጊታር ብቻ ነው፤ ድራሙን ከኪቦርዱ ነው የምናወጣው። አብዛኛው ዘፈናችን የአማርኛ ነው፣ ትዝታው፣ ባቲው፣ ቤቱ ሞቅ ሲል ደግሞ የጎጃም እስክስታ። የውጭ እንግዳ ሲበዛ ሁለት ሦስት የሶል፣ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን አስገባለሁ። ከነዚያ ውስጥ ነፍሴ የምትወደው የአሜሪካዊቷን የአሬታ ፍራንክሊንን «ሪስፔክት» ነው፣ «ክብር» ማለት ነው። እሱን ስዘፍን ድካሜ ሁሉ ይጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ዘፍኜ ስወርድ አንድ ጠና ያሉ ሰው በእጃቸው ጠሩኝ። ሶፍት ላይ በእስክርቢቶ «ኦቲስ ሬዲንግ 1965» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ድምፅሽ ግሩም ነው። ግን ይሄ ዘፈን የወንድ ነው፤ እስቲ ባለቤቱን ስሚው» አሉኝ። ሶፍቱ የቢራ ጠርሙስ ሥር ስለነበር ቀለሙ ተሰራጭቶ 5ቷ 6 ትመስል ነበር። ይዤው ቤት ገባሁ።

ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት፣ ደነገጥኩ። ቃሉ ያው ነው፣ ዘፈኑ ግን ሌላ ነው። የሚናገረው ወንድ ነው። ሚስቱን ነው የሚለምነው። አምስት ዓመት ሙሉ የዘፈንኩት ዘፈን ከኋላው ሌላ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ አፈርኩ።

እንግዲህ የምታውቁ ሁለት ነገር ንገሩኝ። ዘፈኑ ከሱ ወደ እሷ እንዴት ሄደ፣ ወስዳበት ነው? ሌላው፣ በአማርኛ ግጥም መድረክ ላይ ልሞክረው አስቤያለሁ። ከሆነ የማንን መንገድ ልከተል?

የሙዚቃ_ቤት_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰውዬውን አመስግኚልኝ። ዝም ብለው መሄድ ይችሉ ነበር።

አባቴ ማርቆስ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበረው፣ ካሴት እየቀዳ ይሸጥ ነበር። የሶል ካሴቶቹን ግን አይሸጣቸውም። ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ ሒሳቡን እየሠራ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ለራሱ ይሰማቸው ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው፣ የቀረውን አድጌ አንብቤ ሞላሁት።

ዘፈኑን የጻፈው ኦቲስ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሜምፊስ ከተማ፣ ስታክስ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጸው፤ ጊታሩ ላይ ስቲቭ ክሮፐር፣ ድራሙ ላይ አል ጃክሰን ነበሩ። «ኦቲስ ብሉ» የሚለው አልበም ላይ ታገኚዋለሽ። መጥፎ አልሄደም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ደርሷል። የሚለው ነገር ቀላል ነው። ሰውዬው ሲሠራ ውሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። እኔ በሌለሁበት የፈለግሽውን አድርጊ፣ ገንዘቤንም ልስጥሽ፣ ቤቴ ስገባ ግን አክብሪኝ ነው ነገሩ። ልመናም ቁጣም አለበት።

አሬታ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። አባቷ ዲትሮይት ውስጥ ስመ ጥር ሰባኪ ነበሩ፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረች ነው ያደገችው። ኮሎምቢያ የሚባለው ኩባንያ ጋ ዓመታት ሠርታ ልክ የሚሆናትን ድምፅ ሳታገኝ ቆይታ ወደ አትላንቲክ ተዛወረች። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ጄሪ ዌክስለር ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ «ሪስፔክት»ን ቀረጸች። 24 ዓመቷ ነበር! ኤፕሪል ላይ ወጣ፣ ጁን ላይ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ሁለት ሳምንት 1ኛ ሆነ፣ በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ ደግሞ ስምንት ሳምንት። በዓመቱ ሁለት የግራሚ ሽልማት አመጣላት።

እዚያው ጁን ላይ ኦቲስ ሞንተሬይ በተባለው ትልቅ ፌስቲቫል ዘፈኑን ሊጫወት ሲል፣ ይሄን አንዲት ልጅ ወስዳብኛለች፣ ወዳጄ ናት፣ እኔ ግን አሁንም እዘፍነዋለሁ የሚል ነገር ለሕዝቡ ተናገረ። ቀረጻው አለ፣ ፈልጊና ስሚው። ቂም የለበትም። የዚያኑ ዓመት ዲሴምበር 10 የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ላይ ወደቀች። 26 ዓመቱ ነበር። አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ቴፑን ያጠፋው ነበር።

ወስዳበት ነው ወይ ላልሽው፣ በሕጉ አይደለም። ደራሲ ተብሎ የተጻፈው እስከ ዛሬ ሬዲንግ ነው። እንዲያውም በአሜሪካ መደበኛው ሬዲዮ ጣቢያ የሚከፍለው ለደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም፣ ስለዚህ የአሬታ ድምፅ በሬዲዮ በተለቀቀ ቁጥር ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ኦቲስ ወገን ነው። ዓለም ሁሉ የእሷ ነው የሚለው ዘፈን ከአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ለእሷ ምንም አላስገባላትም።

ገመድ_አራት (ባሕር ዳር)

ቤዝ ተጫዋች ነኝ። የቀደመው ወንድሜ ታሪኩን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ አሠራሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ዘፈኑ የተገለበጠው በግጥሙ ብቻ አይደለም።

የኦቲስን ስሚው። ጥሩምባዎቹ ናቸው የሚመልሱለት። እሱ ይላል፣ ጥሩምባው ይቀበላል፣ ድራሙ ከሥር እንደ ሰው እርምጃ ይረግጣል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው። የአሬታን ደግሞ ስሚው። ተቀባዮቹ እህቶቿ ናቸው፣ ካሮሊንና ኧርማ። እኛ አገር አውራጅና ተቀባይ የምንለው እኮ ነው! አውራጇ ታወርዳለች፣ ተቀባዮቹ እየገፉ ወደ ላይ ያወጧታል። ከኋላ «ሪ ሪ ሪ ሪ» የሚሉት የአሬታ የቤት ስም ነው፣ «ሪ» ነበር የሚሏት። ሴትዮዋ ክብር ስትጠይቅ እህቶቿ በስሟ እየጠሩ ያጅቧታል ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩ ቀን ዘፈኑን እንደ አዲስ ነው የሰማሁት።

የኦቲስ ዘፈን መሀሉ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም፣ ያንኑ መስመር ይዞ ይሄዳል። እሷ ጋ ኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን ይገባል፣ የሚሄድበት ኮርድ ሳምና ዴቭ ከሚባሉት ሁለት ዘፋኞች ሌላ ዘፈን የተወሰደ ነው። ከዚያ ሲመለሱ ነው ቃሉን ፊደል በፊደል የምትቆጥረው። ያ የፊደል ቆጠራ የኦቲስ ዘፈን ላይ የለም። ዛሬ ግን ዘፈኑን የማያውቅ ሰው እንኳ እሱን ያውቃል። ፒያኖውንም ራሷ ናት የምትመታው።

ከሷ በፊትም በኋላም የሞከሩ አሉ። ራሽናልስ የሚባሉ የሚሺጋን ልጆች በ1966 ሠርተውት በአካባቢያቸው ተሰምቶላቸው ነበር። ቫግራንትስ በ1967 በሮክ ጊታር ሠሩት። አዴቫ በ1989 በሃውስ ምት ወደ ጭፈራ ቤት አስገባችው፣ እሱ ይመቸኛል። ግን አንዳቸውም ዘፈኑን ወደ ራሳቸው አላዞሩትም።

በአማርኛ ስለማለትሽ አንድ ችግር አለ፣ አስቢበት። የእንግሊዝኛው ቃል ሰባት ፊደል ነው፣ ምቱም የተሠራው ለሰባት ነው። «ክብር» ብትይ ሦስት ብቻ ነው፣ አይሞላም። «አክብረኝ» ግን አምስት ነው፦ አ፣ ክ፣ ብ፣ ረ፣ ኝ። አምስቱን አንቺ ቁጠሪ፣ የቀሩትን ሁለቱን ምት ለኛ ተይልን፣ ኪቦርዱና እኔ እንመልስልሻለን። የት እንደምትዘፍኚ ገብቶኛል መሰለኝ፣ የዚያ ሆቴል ቤዝ ተጫዋች ጓደኛዬ ነው። እነግረዋለሁ።

ቅኔ_ቆጣሪ (ፍኖተ ሰላም)

«አክብረኝ» የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ የውጭ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ግን ዋሸራ አካባቢ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ወንድሞች የጻፋችሁትን ካነበብኩ በኋላ ሁለቱንም ዘፈን አስከፍቼ ሰማሁ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ። አንድ ነገር አስገረመኝ። በእንግሊዝኛው ቃሉ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። እሱም እሷም አንድ ቃል ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ዘፈኑ ባለቤት ሲቀይር ቃሉ ላይ ምንም አይታይም። በኛ ቋንቋ ይሄ አይሆንም። እሱ «አክብሪኝ» ነው የሚለው፣ እሷ «አክብረኝ»። «ሪ» «ረ» ሆነች። በአንዲት ፊደል ቤቱ ተገለበጠ። እህታችን፣ በአማርኛ ስትዘፍኚው ሰው መገልበጡን በጆሮው ይሰማዋል፣ አሜሪካኖቹ ያላገኙትን ነገር አንቺ ቋንቋው በነፃ ሰጥቶሻል።

ስለ መውሰድ ደግሞ። ኦቲስ «ወሰደችብኝ» አለ ብላችኋል። ቅኔ ቤት ውስጥ ቅኔ ማቅረብ ራሱ «መዝረፍ» ነው የሚባለው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ቅኔ ዘረፈ ይባላል። ግን ያ ዘራፊ የሰው ቅኔ ቢደግም ያፍራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ሁለት ቤት ነው፣ መልኩ ከጥንት የተሰጠ ነው፣ ዜማውም የተሰጠ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር የሚውለው በዚያ በተሰጠው ውስጥ ማንም ያላለውን ለማለት ነው። መምህሩ «ይሄ የእገሌ ነው» ካሉት ያ ቀን ተበላሸ። ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ መለኪያው አንድ ነው። እሱ ያላለውን አለች ወይ? አለች። ገንዘቤን እሰጥሻለሁ ባለው ላይ እኔም የራሴ አለኝ ብላ መለሰችለት። ይሄ መድገም አይደለም፣ መልስ ነው።

የሞጣዋ (ሞጣ)

ቅኔ ቆጣሪ፣ እድሜ ይስጥዎ። እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ እናቴ ነው።

እናቴ ወፍጮ ላይ ስትቀመጥ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው የመጁን ድምፅ ነው፣ ሸር ሸር የሚለውን፣ ከዚያ የሷን ድምፅ። ዜማዋ ሁልጊዜ ያቺው ናት፣ ግጥሙ ግን በየሌሊቱ ይቀየራል። አባቴ ለሥራ ርቆ ሲሄድ ለሱ ነው፣ ወንድሟ ሲያስከፋት ለወንድሟ ነው፣ አንዳንዴ ለበሬው ነው። ጎረቤታችን አንድ ቀን ያቺኑ ዜማ ይዛ በራሷ ባል ላይ ገጠመችበት። እኔ ልጅ ነኝ፣ ተናደድኩ፣ «ያንቺን ወሰደችብሽ» አልኳት ለእናቴ። እናቴ ዱቄቱን በእጇ ጠረግ ጠረግ እያደረገች «ዜማውማ እኔም ከእናቴ ነው የሰማሁት፣ ብሶቷ ግን የራሷ ነው» አለችኝ።

አሬታን ስሰማ የምትመጣብኝ ያቺ ጎረቤታችን ናት። ብሶቷን ይዛ ነው የመጣችው።

አባይ_ማዶ (ደጀን)

እኔ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ።

ሁላችሁም «መልስ ሰጠችው፣ የራሷ አደረገችው» እያላችሁ ነው። ጥሩ። ግን አስቡት፣ ዛሬ መንገድ ላይ መቶ ሰው ብትጠይቁ ስንቱ ነው የኦቲስ ነው የሚላችሁ? ሰውዬው ቁጭ ብሎ ጻፈው፣ ላቡን አፈሰሰ፣ በ26 ዓመቱ ሞተ፣ ዘፈኑ ላይ ግን ስሙ በደቃቅ ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ራሴ ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ግጥሜን ሳይጠይቀኝ ሰርግ ላይ ሲዘፍነው ሰማሁ፣ ሕዝቡ ሁሉ እሱን ነው የሚሸልመው። ያን ቀን የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ እህቴ ባለቤቱን ያሳዩሽን ሰውዬ እኔ አከብራቸዋለሁ። መድረክ ላይ ስትወጪ ስሙን ጥሪ። ይሄ ብቻ ነው የምለው።

ደግሞ ልታሳትሚው ካሰብሽ ተጠንቀቂ። የኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ 410/1996፣ መተርጎምንም መለወጥንም የደራሲው መብት ነው የሚለው። መድረክ ላይ መሞከርና ሲዲ ማሳተም አንድ እንዳይመስልሽ።

የሙዚቃ_ቤት_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

አባይ ማዶ፣ ስሙን ጥሪ ያልከው ልክ ነው፣ ሙሉ በሙሉ። ለደረሰብህም አዝናለሁ፣ መጠየቅ ነበረበት።

ግን ኦቲስን እንደ ተዘረፈ ሰው ብቻ አታየው። እሱም የሰው ዘፈን ያነሳ ነበር። ያው «ኦቲስ ብሉ» አልበም ላይ የሳም ኩክ ዘፈኖች አሉ፣ የሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» አለ። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» የሚለውን ሰምተኸው ታውቃለህ? ዘፈኑ ከ1932 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ለስለስ ያለ የድሮ ዘፈን። ኦቲስ በ1966 ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይጀምረውና መጨረሻ ላይ እየጮኸ፣ እየረገጠ ነው የሚወጣው። ዛሬ ያንን የሌላ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እና አሬታ ያደረገችበት ነገር እሱም ያደርገው የነበረ ነገር ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሞንተሬይ ላይ እየሳቀ የተናገረው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ሰው ነው። ከኋላ የምትቀበለው እህቷ ኧርማ። ኧርማ በዚያው በ1967 «ፒስ ኦፍ ማይ ኸርት» የሚል የራሷን ዘፈን አወጣች፣ ድንቅ ነው። በዓመቱ የሮክ ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን ከባንዷ ጋር ዘፈነችውና ዓለም የጃኒስ ነው አለ። ለእህቷ ተቀባይ ሆና የሌላ ሰው ዘፈን ስታዞር የነበረችው ልጅ፣ የራሷ ደግሞ ዞረባት። የጃኒስን እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ግን የኧርማን ስሙ፣ እባካችሁ። አትጮኽም። ሕመሙን ዋጥ አድርጋ ነው የምትዘፍነው።

ጣና_ድምፅ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሞጣዋ፣ የእናትሽን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፣ እሷም የወፍጮ ላይ ዜማ ነበራት፣ ማታውን ስታንጎራጉር አመሸች።

ገመድ አራት፣ ጓደኛህን አግኝቼዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ባዶ ሆኖ ሞከርነው። አምስቱን ፊደል እኔ ስቆጥር ሁለቱን ምት እነሱ ይመታሉ። «ክ»ና «ብ» ላይ ድምፄ ይጠብባል፣ «ረ» ላይ ሲደርስ ግን ይከፈታል፣ እዚያ ላይ ነው ልይዘው ያሰብኩት። ኪቦርዱ ለጥሩምባው አልበቃ ስላለን በጭብጨባ ተካነው።

ግጥሙን አልተረጎምኩትም። ቅኔ ቆጣሪ እንዳሉት ያላሉትን ለማለት ሞክሬ፣ እስካሁን ያለችኝ ይቺ ናት፦

ብሩን ለራስህ ያዝ፣ የኔም አለኝና፣
በሬን ስትከፍተው፣ ግባ በትሕትና።

አባይ ማዶ፣ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ቅዳሜ ከመጀመሬ በፊት ስሙን እጠራለሁ፣ በማይክ፣ ጮክ ብዬ። ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቤዝ ተጫዋቹ ድምፅ አለው፣ መጀመሪያ እሱ የኦቲስን አንድ አንጓ በ«አክብሪኝ» ይዝፈን፣ ከዚያ እኔ በ«አክብረኝ» ልቀበለው። ሰውዬው ከመጡ እዚያው የተለመደው ቦታቸው ላይ ያስቀምጡልኝ ብያለሁ። ሶፍቷንም ይዤ እወጣለሁ።

አባይ_ማዶ (ደጀን)

ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት? ቅዳሜ ከደጀን በጠዋት እነሳለሁ።

ጣና_ድምፅ (ባሕር ዳር)

ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል። ግጥሞችህንም ይዘህ ና፣ ጠይቄህ ነው የምዘፍናቸው።